«አናሚዝ» የሚል የመቃብር ድንጋይ

ብሬብሩክ፣ ጎህ ሲቀድ

ከቤት ስወጣ ሰማዩ ገና አመድማ ነው። የመኪናዬን መስታወት ጤዛ ሸፍኖታል። ባለቤቴ አስቴር ጋቢዋን ተከናንባ እስከ በር ሸኘችኝና ማታ የጋገረችውን ዳቦ በፎይል ጠቅልላ አቀበለችኝ። ከዚያ ስታስብበት እንዳደረች በሚያስታውቅ ድምፅ፣

«እጣኑን አንተ እንዳትለኩስ» አለችኝ። «ሳሩን ግን ንቀልላቸው።»

አስቴር ጴንጤ ናት። ለሙታን አበባና ፍራፍሬ ማቅረብ አይዋጥላትም። ጋሼ ቪንን ግን ትወዳቸዋለች። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ሆስፒታል ድረስ ሾርባ ይዘውላት የመጡት እሳቸው ናቸው።

ጋሼ ቪን ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ መንግሥት በሚያከራየው የኮሚሽን ቤት የሚኖሩ ቬትናማዊ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷል። «ጋሼ»ን ያከልኩት እኔ ነኝ። ፋብሪካ አብረን ስንሠራ እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው በስማቸው ብቻ እጠራቸው ነበር። ቤት ገብቼ ስለ እሳቸው ሳወራ ግን ምላሴ እምቢ ይለኛል፤ «ጋሼ ቪን እንዲህ አሉ» እላለሁ። በአማርኛ ሳናግራቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱልኝ ልጆቼ እንኳን «ጋሼ ቪን» ሲሉ ጥርት አድርገው ነው። እሳቸው በበኩላቸው ጌታቸው የሚለውን ስሜን ከወገቡ ቆርጠው «ጌታ» ይሉኛል። አስቴር መጀመሪያ አካባቢ ቅር ይላት ነበር፤ በኋላ ተወችው።

ስደርስ ሙሉ ልብስ ለብሰው በራቸው ላይ ቆመዋል። በግራ እጃቸው ባልዲ ይዘዋል፤ ባልዲው ውስጥ ብሩሽ፣ የአትክልት መቀስና በላስቲክ የታሰረ የእጣን እንጨት አለ። ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተውታል፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ከኋላቸው ኮሪደሩ ላይ ካርቶኖች ተደራርበው ይታያሉ። በሚመጣው ሳምንት ይህን ቤት ለቀው ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ዳንደኖንግ ልጃቸው ጋ ይገባሉ። ሐኪሙ ብቻቸውን መኖር ይብቃዎት ብሏቸዋል።

የምንሄደው ባሕር ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ አንድ መርከበኛ ተቀብሯል። የእሳቸውም የእኔም ዘመድ አይደለም፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም። ጋሼ ቪን ግን በየዓመቱ ፋሲካ በሚውልበት ሰሞን መቃብሩን ሲያጸዱ ኖረዋል፤ በአገራቸው የሙታንን ማረፊያ የማጽዳት ወግ የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። የከተማዋን ስም እንዳልጽፍ ቤተሰቡ ስለጠየቀኝ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

«ማይ ዛሬ አብራን ትመጣለች» አሉ፣ የመኪናውን ቀበቶ እያሰርኩላቸው። ማይ ልጃቸው ናት። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አብራን መጥታ አታውቅም።

«ምን ተገኘ?» አልኳቸው።

«ስታረጅ ልጆችህ መታዘዝ ይጀምራሉ» አሉና ትንሽ ቆይተው፣ «ግማሹን» አሉ።

ፉትስክሬይ፣ ገበያው ሲከፈት

የፉትስክሬይ ገበያ ከፀሐይ በፊት ነው የሚነቃው። በረዶ ላይ የተደረደረ ዓሣ፣ በገመድ የታሰሩ ቁንጥጫቸው የሚያስፈራ ሸርጣኖች፣ እቅፍ እቅፍ የሎሚ ሳርና የድንብላል ቅጠል። ወለሉን በውኃ እያጠቡት ነው። ጋሼ ቪን ቢጫ አበባና ሁለቱ በአምስት ዶላር የሚሸጥ ማንጎ ገዙ። አበባ ሻጯ ስታያቸው ከወንበሯ ተነሳች፤ በቋንቋቸው ረጅም ነገር አወሩና ሴትዮዋ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«እንደምሄድ ነገርኳት» አሉኝ ስንወጣ። «ዳንደኖንግ እኮ በባቡር የሚደረስበት ነው፤ ሴትዮዋ ግን አገር የምለቅ አስመሰለችው።»

እውነት ለመናገር እኔም እንደ ሴትዮዋ ነኝ። ይህች ገበያ ውስጥ መጀመሪያ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ እኔ የማውቀው የሐበሻ ሱቅ በዚህ ሰፈር አልነበረም። በርበሬ ናፍቆኝ ምግብ እንደ ሣር እየሆነብኝ ስቸገር አይተው፣ ከሽፍት ስንወጣ እጄን ይዘው አንዲት የአገራቸው ሴት ሱቅ አገቡኝና የደረቀ ቃሪያ ከነከረጢቱ አስመዘኑልኝ። ባለሱቋ ብዛቱን አይታ አንድ ነገር አለች። ምን አለች ብላቸው፣ «ይህ ሰው ሊሞት ነው ወይ ትላለች» አሉኝ። ዛሬ ያ ሱቅ የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ በበሩ ሳልፍ ግን አሁንም የቃሪያው ሽታ ይመጣብኛል።

ከአንድ ዳቦ ቤት ለመንገዳችን ባንሚ ገዛን፤ ሥጋ፣ የኮመጠጠ ካሮትና ቃሪያ የሚጠቀጠቅበት የእነሱ ሳንድዊች ነው። ለእኔ ቃሪያው እጥፍ እንዲሆን ራሳቸው አዘዙልኝ።

ያራቪል፣ የድሮው ፋብሪካ ፊት ለፊት

ወደ ዌስት ጌት ድልድይ ለመውጣት በያራቪል ማለፍ ግድ አልነበረም። «በዚያ በኩል ንዳ» ስላሉኝ ነው። ምን ሊያዩ እንደፈለጉ ስለገባኝ ዳር ይዤ ፓርክ አደረግሁ።

ፋብሪካችን የፕላስቲክ ከረጢት ይሠራ ነበር። ፈርሶ አፓርትመንት ሆኗል። በየበረንዳው ብስክሌትና የአበባ ማሰሮ ይታያል። በፊት በዚህ ጎዳና ላይ የሚሸተው የቀለጠ ፕላስቲክና ከወደቡ የሚመጣ የናፍጣ ጭስ ነበር። አሁን አንዲት ወጣት ከውሻዋ ጋር ስትሮጥ አለፈችን።

እኔ እዚህ ስቀጠር ከሱዳን በስደተኝነት ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ፎርማናችን በወጣትነቱ በመርከብ ዓለምን የዞረ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከየት ነህ አለኝ። ከኢትዮጵያ አልኩት። «አቢሲኒያ» አለና እጄን ጨበጠኝ። ደስታዬን አልረሳውም። አውሮፕላን ከወረድኩ ጀምሮ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ረሃቡ ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ፤ ይህ ሰው ግን ምጽዋን ያውቃል፣ ጅቡቲን ያውቃል፣ የአገሬን የድሮ ስም ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ለእሱ አቢሲኒያ ሆኜ ቀረሁ።

ጎኔ ባለው ማሽን ላይ የሚሠሩትን ጋሼ ቪንን ደግሞ «አናሚዝ» ይላቸው ነበር። ምን ማለት ነው ብላቸው፣ «የድሮ ስማችን ነው፤ እንግሊዞች አገራችንን አናም በሚሏት ጊዜ የነበረ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ሕዝቡም ቋንቋውም በዚያ ስም ይጠራ እንደነበር በኋላ ነው የተረዳሁት።

መቃብሩን ያገኘነውም በዚሁ ፋብሪካ ሰበብ ነው። አንድ በጋ ሠራተኛው በሙሉ ባሕር ዳር ሽርሽር ተወሰደ። እኔና ጋሼ ቪን ዓሣ ልናጠምድ ሞከርን፤ አንድም አልያዝንም፤ ነፋሱ ሲበረታብን ከፍ ብሎ ወደሚታይ የጥድ ጥላ ሄድን። የመቃብር ቦታ ነው። እንግሊዝኛ የማነበው እኔ ስለነበርኩ ጊዜ ለመግፋት የድንጋዮቹን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነብላቸው ጀመር። ስኮትላንዳዊ፣ አየርላንዳዊ፣ የቄስ ሚስት፣ ሦስት ሕፃናት ባንድ ላይ። አጥሩ ጥግ ከሁሉም ያነሰ ግራጫ ድንጋይ አለ።

«አናሚዝ መርከበኛ» ይላል። «ባሕሩ አወጣው፤ እዚህ ተቀበረ።»

ሌላ የለም። ከሥር ዓመተ ምህረት የነበረበት ቦታ በጨው ነፋስ ተበልቷል። ጋሼ ቪን ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። የዓሣ ማጥመጃቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉና ተንበርክከው ሳሩን በእጃቸው ይነቅሉ ጀመር። በዓመቱ ስልክ ደውለው፣ «መኪናህ ቅዳሜ ሥራ አላት?» አሉኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

«በቃ፣ እንሂድ» አሉ አሁን፣ አፓርትመንቱን አይተው ሲያበቁ። «የእኔ ማሽን የነበረበት ቦታ ላይ ሰው ተኝቷል።»

ዌስት ጌት ድልድይ

ድልድዩ አናት ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። በግራ የከተማው ፎቆች፣ በታች የወደቡ ክሬኖችና እንደ ልጆች መጫወቻ የተደረደሩ ኮንቴይነሮች። ጋሼ ቪን መስታወቱን ዝቅ አድርገው መርከቦቹን ያያሉ። እየነዳሁ ባንሚዬን በላሁ፤ ፍርፋሪው ጭኔ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሞናሽ ፍሪዌይ ነው፤ የጭነት መኪና፣ የጭነት መኪና፣ እንደገና የጭነት መኪና።

ዳንደኖንግ፣ ረፋድ ላይ

ማይ መንታ ጋራዥ ያለው አዲስ ቤት በር ላይ ትጠብቀናለች። ፋርማሲስት ናት፤ ልጅ ሳለች ፋብሪካው በር ላይ ከእናቷ ጋር አባቷን ስትጠብቅ የማውቃት። እናቷ ካረፈች ቆየች። እኔን «ቹ ጌታ» ትለኛለች፤ ቹ ማለት በእነሱ ዘንድ የአባት ታናሽ ወንድም ነው።

ሻይ አፍልታ አስተናገደችን፤ ለአባቷ ያዘጋጀችውንም ክፍል አሳየችን። ፀሐይ የሚገባበት፣ መታጠቢያው ውስጥ መደገፊያ ብረት የተገጠመለት ክፍል ነው። ጋሼ ቪን አልጋውን ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት። «ጥሩ ነው» አሉ።

ስንነሳ ማይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ኋላ ወንበር ገባች። ፍሪዌዩን ትተን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ገለጠችውና በመካከላችን ወደ ፊት ዘርግታ አሳየችኝ። ሁለት የእጅ መዳፍ የሚያህል የናስ ሰሌዳ ነው። በሁለት ቋንቋ «ቬትናማዊ መርከበኛ» ተብሎ ተቀርጾበታል።

«የከተማዋን ማዘጋጃ ቤት ጠየቅሁ» አለችኝ። «የድሮውን ድንጋይ መፋቅ አይቻልም፤ ሰሌዳ መለጠፍ ግን ይቻላል አሉኝ። አናሚዝ የሚለው ቃል ላይ እለጥፈዋለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ጋሼ ቪን «ከእኔ በኋላ መቃብሩን አንቺ ጠብቂልኝ» ብለዋታል። እሷም እሺ ብላለች፤ ግን ያ ቃል እዚያ እያለ አልሄድም ብላለች። አባትየው እስከ ዛሬ መልስ አልሰጧትም።

«ቃሉ ምን አደረገሽ?» አልኳት።

«የቻይና ነገሥታት ያወጡልን ስም ነው፣ ቹ ጌታ። ጸጥ እንዲል የተደረገ ደቡብ ማለት ነው። ከዚያ ፈረንሳዮች ወረሱትና ሰው ለማዋረድ ተጠቀሙበት። እንግሊዞቹም ከእነሱ ሰሙት።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ በትክክለኛ ስማችን የጠራኝ ልጅ አልነበረም። ምን ይሉኝ እንደነበር ለአባቴ ነግሬው አላውቅም። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ እንዲህ ያለ ቃል እየወለወልኩ እንድኖር ይፈልጋል።»

ጋሼ ቪን በጎን መስታወቱ የሚያልፉትን ላሞች ያያሉ።

«እርስዎን አቢሲኒያ ቢሉዎት ደስ ይልዎታል?» አለችኝ።

ስለ ፎርማኑ ነገርኳት። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ልጄ ግን ይህን ታሪክ ስነግረው እንደሷው ተቆጥቶ፣ ሰውየው ስምህን ለማወቅ አልደከመም እንጂ አገርህንማ መጽሐፍ ላይ አንብቦ ነው እንዳለኝም ነገርኳት።

«ልጅዎ ልክ ነው» አለች።

«ልክ ነው» አልኳት። «እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።»

አገሩ ጠፍጣፋ እየሆነ ሄደ። የነፋስ መከላከያ ጥዶች በየእርሻው ጠርዝ ተሰልፈዋል፤ መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ድንችና የፈረስ ፍግ በከረጢት አስቀምጦ ዋጋውን በካርቶን ጽፏል፤ ሻጭ የለም፤ ሳንቲም መጣያ ቆርቆሮ ብቻ። ነፋሱ ጨው ጨው ማለት ሲጀምር ጋሼ ቪን ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ባሕሩ ዳር፣ ቀትር

ከተማዋ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ዓሣና ድንች ጥብስ መሸጫ ናት። መቃብሩ ከበላይዋ ተዳፋት ላይ ነው። ጥዶቹ መጀመሪያ ካየኋቸው ጊዜ ይልቅ ጎብጠዋል። ባሕሩ ከሥር ይጮኻል።

ጋሼ ቪንን እኔ በቀኝ፣ ማይ በግራ ደግፈን ወጣን። በየዓመቱ እሳቸው ነበሩ የሚቀድሙኝ፤ አሁን በየጥቂቱ እየቆሙ ያርፋሉ። ስንደርስ መንበርከክ አልቻሉም። የምትታጠፍ ወንበር ከመኪናው አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። ሳሩን እኔ ነቀልኩ። ማይ ባልዲውን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ወደ ቧንቧው ወረደች።

ስትመለስ ድንጋዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየችው። አባቷ፣

«ዓይኔ ደክሟል፤ አንብቢልኝ» አሏት።

አነበበችው። ቃሉ ጋ ስትደርስ ተሰናከለች፤ ግን አልዘለለችውም።

«በእኛም ቋንቋ በይው።»

በቬትናምኛ አለችው። ከዚያ ሰሌዳውን ከጨርቁ አወጣችና የሙጫውን ቱቦ ከቦርሳዋ ፈለገች። እጇ ቸኩሏል። ጋሼ ቪን ያዩዋታል። ቱቦውን ከፍታ ሰሌዳውን ቃሉ ላይ ስትለካ ነው የተናገሩት። በእንግሊዝኛ ነበር የተናገሩት፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል።

«እናቴ ቬትናም የሚለውን ቃል የሰማችው ትልቅ ሴት ሆና ከሬዲዮ ነው» አሉ። «ጎረቤት ሲሞት፣ አዝመራ ሲገባ፣ ጠብ ሲነሳ፣ እኛ አናሞች እንዲህ ነን ትል ነበር። ስድብ መሆኑን የነገራት የለም። ሳትሰማውም ሞተች።»

«እሷ ሌላ ነች፣ አባዬ። የጻፈው ሰው እኮ እሷ አልነበረችም።»

«አዎ። የጻፈው ፈረንጅ ነው።» ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ይንቀጠቀጣል፤ አልደበቁትም። «ወንድም ነበረኝ። ለም ይባላል።»

ማይ ሰሌዳውን እንደያዘች ቆመች። እኔም የነቀልኩትን ሳር ይዤ ቀረሁ። ስንት ዓመት አብሬያቸው በልቼ ጠጥቼ፣ ወንድም እንዳላቸው አንድ ቀን አልነገሩኝም። ልጃቸውም አልሰማችም።

«ከአገር ስንወጣ አብሮኝ ነበር። ጀልባዋ ሞተሯ ተቃጥሎ ባሕር ላይ ስንንሳፈፍ ታመመ። ገና ጢም አላበቀለም ነበር። ውኃ የለም። የእኔን ድርሻ ሰጠሁት፤ ግን አላዳነውም። ሲያርፍ እናታችን ለመንገድ በሰጠችን ጨርቅ ጠቅልዬ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆነን ባሕሩ ውስጥ አወረድነው።»

ነፋሱ የማይን ፀጉር ፊቷ ላይ ያመጣዋል። አትነካውም።

«ማሌዥያ ካምፕ ስንገባ ሰዎች አንድ ነገር አወሩ። ባሕሩ የሚያወጣቸውን ሬሳዎች ዓሣ አጥማጆች ይቀብራሉ አሉ። አስፈቅጄ ሄድኩ። አሸዋው ላይ የእንጨት ምልክቶች ተተክለዋል። ላነበው አልቻልኩም፤ አስተርጓሚው አነበበልኝ። ከጀልባ የወደቀ ቻይና ይላል። የሚቀጥለውም ቻይና። ሁሉም ቻይና። ለም ከእነሱ አንዱ ይሁን አይሁን አላውቅም። አንዱን መረጥኩና አጠገቡ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።»

ወደ ድንጋዩ ተመለከቱ።

«እኛ ቻይና አልነበርንም። ግን የጻፈው ዓሣ አጥማጅ ደክሞት ከባሕር መጥቷል። ልጆቹ ራት ይጠብቁታል። ቆም ብሎ ጉድጓድ ቆፍሯል፣ እንጨት ፈልጧል፣ የሚያውቀውን ቃል ጽፏል። ያለው ቃል እሱ ነው። እዚህም አንድ ሰው እንደዚያ አድርጓል። ስለዚህ ነው የምመጣው።» ከዚያ ወደ ሰሌዳው አመለከቱ። «ያንቺም ቃል ጥሩ ነው። ትክክለኛውም እሱ ነው። የፈለግሽበት ለጥፊው፤ አልቃወምሽም። ግን መቃብሩን አትተዪው።»

እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወደ ባሕሩ ዞርኩ። ከመተማ ወደ ሱዳን ስንሻገር መንገድ ላይ የቀረ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ የጎጃም ልጅ ይመስላል ተባባልን። ድንጋይ ከመርንበትና ሄድን። ለብዙ ዓመት አስቤው አላውቅም ነበር።

ስዞር ማይ አባቷ እግር ሥር ተቀምጣለች። የሚንቀጠቀጠውን እጅ በሁለት እጇ ይዛዋለች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን የልጅነቷን መስሎ ነበር። በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ መለሱላት፤ ሌላ ጠየቀቻቸው። እኔ ገለል አልኩላቸው።

ቆይታ ተነስታ ድንጋዩን ማጠብ ጀመረች። መጀመሪያ በእርጋታ፣ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ። በጥፍሯ የፊደሎቹን ጉድጓድ ከድንጋይ ሽበት አጸዳች፤ አናሚዝ የሚለውንም እንደሌላው። ሰሌዳውን የለጠፈችው ከጽሑፉ በታች፣ ዓመተ ምህረቱ ተበልቶ በጠፋበት ባዶ ቦታ ላይ ነው። እስኪይዝ ድረስ በሁለት መዳፏ ደግፋው ቆየች። አበባውንና ማንጎውን እኔ አስተካከልኩ። እጣኑን አባትና ልጅ አንድ ላይ ለኮሱ።

ከዚያ በሳሩ ላይ ተቀምጠን የአስቴርን ዳቦና ከታች የገዛነውን ዓሣ በላን። ጋሼ ቪን ለብዙ ጊዜ ያላየሁባቸውን ያህል በሉ። ስለ ለም ያወሩልን ነበር፤ የጎረቤት ዳክዬ ሰርቆ ተይዞ ገበያ መካከል ዳክዬውን ተሸክሞ እንዲዞር እንደተፈረደበት፤ ዘፈን እንደሚወድና ድምፁ ግን እንደማይረባ።

መልስ

ወደ ዳንደኖንግ ስንመለስ ጋሼ ቪን ፊት ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተኙ መስሎኝ ሬዲዮውን ቀነስኩ። ፀሐይ በግራችን ዘንበል ብላ ሜዳውን ቢጫ አድርጋዋለች። ማይ ከኋላ ሆና ቀስ ብላ፣

«ለም» አለች። ለራሷ ነበር።

«አይደለም» አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ስህተት ነው ያልሽው።»

«ምኑ ነው ስህተቱ?»

«ቃሉን ስትጨርሺ ጣልሽው። ሲወድቅ ስህተት ማለት ነው። አትጣዪው።»

ቋንቋቸው እንደ ዜማ ነው። አንዱ ቃል ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ ሲረግብ ትርጉሙ ይለዋወጣል። ማይ እዚህ ያደገች ናት፤ ምላሷ እንግሊዝኛ ስለለመደ የቃሉን መጨረሻ ይጥላል። እንደገና ሞከረች።

«አሁን ደግሞ ጭቃ የነካው ነው ያልሽው» አሉ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ። «ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ እንደ ረጋ ውኃ። ያኔ ጫካ ማለት ይሆናል። አባታችን ጫካ ስለሚወድ ነው እንዲያ ያለው።»

ለእኔ ጆሮ ሦስቱም አንድ ናቸው። እኔም ሞከርኩ፤ ምን እንዳልኩ ሊተረጉሙልኝ እንኳ አልፈለጉም፤ አባትና ልጅ ሳቁብኝ።

«በእኛ ቋንቋ ግን ትርጉም አለው» አልኳቸው። «ለም የሚባለው የዘሩበትን የሚያበቅል መሬት ነው።»

ጋሼ ቪን ዓይናቸውን ገለጡ። ቃሉን በእኔ አነጋገር አንዴ ለራሳቸው አሉት።

«ጫካ ያለዚያ አይበቅልም» አሉ።

ማይ እስከ ቤቷ ድረስ ስትለው መጣች። በየትራፊክ መብራቱ ትለዋለች፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ ወይም በጣታቸው አየር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምሩላታል። ማዕድ ቤቷ ውስጥ መብራት በርቶ ባሏ ከመስኮቱ እጁን አወዛወዘልን። መኪናውን በሯ ላይ አቆምኩ። ወረደች፤ በሩን ዘጋች፤ ዞራ በአባቷ መስታወት በኩል ጎንበስ አለችና እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ የአጎቷን ስም አንድ ጊዜ፣ ቀስ አድርጋ ጠራችው።

ጋሼ ቪን እጃቸውን እጇ ላይ አሳረፉ።

«እሱ ነው» አሉ።